ያገለገለ ደብል ጋቢና ስትገዙ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ ምንኖር ሰዎች ደብል ጋቢና ፒካፕ ለምን እንደምንፈልግ ግልጽ ነው፣ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጭናል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው አውቶሞቢሉን ሁሉ ሲያስቆም እሱ ያልፋል። ያገለገለውን ስንገዛ ግን ጣጣውም ሚመጣው ከዚሁ ነው፣ ሁለት ስራ የሰራ መኪና ሁለት አይነት ድካም አለበት፣ ሻጭና ደላላ ሚያሳዩን ደግሞ የቤተሰብ መኪናውን ብቻ ነው፣ አዲስ የወንበር ልብስ፣ የታጠበ ሞተር፣ ያብረቀረቀ ቸርኬ። ጭነት ሲያመላልስ የኖረውን መኪና ፈልገን ማግኘት ያለብን እኛው ነን። ለዛ ነው ከኋላና ከስር ጀምሩ ምለው፣ ኮፈኑን መጨረሻ ላይ ክፈቱት። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለውን መኪና እየጠገነና እየቀባ ነው ሚሸጠው፣ ስለዚህ ቀለሙ ብዙም አይነግራችሁም።

በጋቢናውና በካሶኒው መሀል ያለው ክፍተት እኩል አይደለም

ሜዳ ቦታ ላይ አስቁሙትና ከጎኑ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ በጋቢናው ጀርባና በካሶኒው መሀል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ተመልከቷት። ወጥ መሆን አለባት። ከላይ ሰፍታ ወደ ታች ምትጠብ ከሆነ ሻንሲው ከኋላ ወደ ታች ጎብጦ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የጭነት ስራ ነው። ከዛ በሌላኛው ጎን ዙሩና እሷኑ እዩ፣ ግራና ቀኙ ከተለያየ ደግሞ ግጭት ጠርጥሩ። ጣታችሁን አስገብታችሁ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች መለካት ትችላላችሁ፣ ሜትር አያስፈልግም።

ለምን ይጎብጣል? ደብል ጋቢና በአብዛኛው 1 ቶን አካባቢ ወይም ከዛ በታች እንዲሸከም ነው የተሰራው፣ 1 ቶን ማለት 20 ከረጢት ሲሚንቶ ነው፣ እሱም ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ተቆጥሮ። አምስት አዋቂ ሰው ሲገባ 350 ኪሎ ገደማ ከዛው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። ግን ሰው ካሶኒው እስከሞላ ድረስ ይጭናል፣ ስፖንዳውን ከፍቶ ፌሮ ያስረዝማል፣ በዛ ላይ ኮረኮንች። የደብል ጋቢና ካሶኒ አጭር ስለሆነ ረጅም ጭነት ሲጫን ክብደቱ ከኋላ አክስሉ አልፎ ነው ሚያርፈው፣ ሻንሲውን ሚጎዳውም እሱ ነው።

ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፣ መጀመሪያ የጋቢናውን ጎሚኒዎች (ጋቢናው ሻንሲው ላይ ሚያርፍባቸውን ጎማዎች) አሳዩ፣ እነሱ ሲያልቁ ጋቢናው ራሱ ዘመም ስለሚል ክፍተቷን ያዛባታል፣ ያ ደግሞ በትንሽ ብር ሚስተካከል ነገር ነው። ጎሚኒው ደህና ከሆነ ከስር ባትሪ ይዛችሁ ግቡ። ምትፈልጉት ብየዳ፣ የተሸበሸበ ብረት፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ጥቁር ቀለም ነው፣ በተለይ ከኋላ ጎማው ከፍ ብሎ ሻንሲው ጎበጥ ሚልበት ቦታ። ኒሳን ናቫራ ዲ 40 ከሆነ ደግሞ በጋቢናውና በካሶኒው መሀል ያለውን ሻንሲ ለብቻው በደንብ እዩት፣ እንግሊዝ አገር በዝገት ምክንያት ከዛ ላይ ለሁለት የተሰበሩ ብዙ መኪኖች ስለነበሩ ነው። ካሶኒው ውስጥ ፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ አስነሱት፣ ስሩ አሸዋና ውሃ ተኝቶበት ላሜራው የተበላ ሊሆን ይችላል።

ሻንሲው ከተበየደ ወይም ከተቀጠለ መፍትሄው አንድ ነው፣ መተው። ዋጋ ቢቀንሱላችሁም መተው። ልጆች ምታሳፍሩበት መኪና ነው እኮ።

ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፣ ወይም ኋላው ከፍ ብሎ ቆሟል

መጀመሪያ ይሄን እወቁ፣ ባዶ ፒካፕ ኋላው ቢያነጥር በራሱ ብልሽት አይደለም። ሃይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ኤል 200 ኋላቸው ባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ነው፣ ለጭነት የተሰራ ስለሆነ ባዶ ሲሆን ይጠነክራል። ፎርቹነር በሃይሉክስ መሰረት ላይ የተሰራ ሆኖ ለስለስ ሚለው ኋላው ላይ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ስላለው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከኋላ ወንበር ረጅም መንገድ ሚሄድ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እናንተ ራሳችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ኮብልስቶን ላይ ይነዳላችሁ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ ሚሰማው ሌላ ነው።

ችግር ሚሆነው አንዱ ጎን ዝቅ ካለ፣ ወይም ካሶኒውን በእጅ ተጭናችሁ ስትለቁት ደጋግሞ ከተወዛወዘ ነው። ሁለተኛው ሾክ አብዞርበር ነው፣ ይቀየራል አለቀ። አንደኛው የተሰበረ ባሌስትራ ወይም የላላ ካቫሎቲ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ሚያስረው ብሎን) ሊሆን ይችላል፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩና ግራና ቀኙን አስተያዩ። አንዱ ቅጠል አዲስ ሌላው ዝገት ከሆነ ባሌስትራ ተጨምሮበታል፣ ማለትም ከአቅሙ በላይ ሲጭን ነበር፣ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱና ሻንሲውን እንደገና እዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው ምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች፣ ጫፏ ላይ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋና ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሄዳል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ትቀንሳለች፣ ኋላው ቀድሞ እንዳይቆልፍ። ባሌስትራ ጨምረው ኋላውን ከፍ ሲያደርጉት ቫልቩ መኪናው ሁሌ ባዶ እንደሆነ ነው ሚያስበው፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ በቂ አይዝም፣ የፊቱ ብቻውን ይሰራና ይግላል። ሻጩ "ፍሬኑ ትንሽ ሸራ ይፈልጋል" ሲላችሁ ሸራ ብቻ ላይሆን ይችላል። መፍትሄው ዘንጓ መኖሯን፣ አለመታጠፏን፣ ቫልቩ አለመድረቁን ማየት፣ ከዛ ባሌስትራውን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ወይም ዘንጓን በሚያውቅ መካኒክ በልኩ ማስተካከል ነው።

ጠዋት ሲነሳ ቸክ ቸክ ይላል፣ የዘይት መብራቱ ቶሎ አይጠፋም

ይሄ በተለይ የቪጎ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮችን ይመለከታል፣ 2.5 ሊትሩን 2ኬዲና 3 ሊትሩን 1ኬዲ። እነዚህ ሞተሮች ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ የታወቀ ህመም አለባቸው። ከኢንጀክተሮቹ ስር ያለችው የመዳብ ዋሸር ስታልቅ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ጥላሸቱ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ሳህን) ውስጥ ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናታል። ያኔ ሞተሩ በዘይት እጥረት ራሱን ይበላል። ትልቁ አደጋ ሰው ዘይት በየጊዜው እየቀየረ እንኳን ላያውቀው መቻሉ ነው።

ሚታወቀው ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ "ጋሼ እባክዎ ሳልደርስ እንዳያስነሱት" በሉ። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቅ ካለ ቀድመው አስነስተውታል፣ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። ሲነሳ ከላይ በኩል ቸክ ቸክ ሚል የማፈትለክ ድምጽ ካለ፣ የናፍጣ ጭስ ጋቢና ውስጥ ከሸተተ፣ የዘይት መብራቱ ለመጥፋት ከዘገየ ይሄ ነው። ዋሸር መቀየር ራሱ ውድ አይደለም፣ ግን ኮፓው ወርዶ ወንፊቷ ካልታየች ግማሽ ስራ ነው። መካኒኩ ኮፓ ማውረድ አያስፈልግም ካላችሁ ሌላ መካኒክ ጠይቁ። መብራቱ ዘግይቶ ሚጠፋ መኪና ከሆነ ግን ሞተሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ስለማይታወቅ ወይ የሞተር እድሳት ዋጋ ይቀነስ ወይ ይቅርባችሁ።

እግረ መንገዴን፣ የእነዚህ ሞተሮች የታይሚንግ ቀበቶ በ150,000 ኪሎሜትር ነው ሚቀየረው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት ሚል መብራት ይበራል፣ መብራቱ ግን ቀበቶው ሳይቀየር ማጥፋት ይቻላል። መቀየሩን ሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ አስቡ። ከ2015 እ.ኤ.አ ወዲህ ያለው ሬቮ በ2.4 ወይም 2.8 ናፍጣ ከሆነ ሰንሰለት ስለሆነ ይሄ አያሳስባችሁም።

ስለ ጭስ ባጭሩ፦ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉት፣ የኛ ሰፈር አቧራ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ካልሆነ ኢንጀክተር ወይም ተርቦ። ሰማያዊ ዘይት ማቃጠል ነው። ነጭ በብርዳማ ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ወጥቶ ከጠፋ ችግር የለውም፣ ሞቆም ካልጠፋ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ዳገት ላይ ሙቀት ይጨምራል

ሜዳ ላይ ሚሞቅ መኪና ሻጩም አይደብቀውም፣ ሚደበቀው ዳገት ላይ ሚሞቀው ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት ሰው አሳፍራችሁ ውጡበት፣ ኤሲ ካለው ከፍታችሁ፣ አይናችሁ ሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዛ ያነሰ። ራዲያተሩ ሳይፈላ ሚቆየው በክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ጎሚኑ ካለቀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ያፈላል፣ ሰው ግን ቀጥታ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ሊያስፈታ ይሄዳል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩና ሞክሩ። ከዛ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት በባትሪ እዩት፣ ጭቃና የሳር ፍሬ ከደፈነው በውሃ ይታጠባል፣ ከውስጥ ዝገት ከሆነ ግን ባለቤቱ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጨምር ኖሯል።

ቴስታታውን ለማጣራት ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ (ሲሞቅ በጭራሽ አትክፈቱት፣ ፊት ያቃጥላል) የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሱት። ውሃው ውስጥ ማያቋርጥ አረፋ ከወጣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። የዘይት ክዳኑ ስር ወተት መሳይ ነገር ካለም እንደዛው።

ፎር ባይ ፎሩ አይገባም፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል

ፎር ባይ ፎሩ ለዓመታት ሳይነካ ከተማ ውስጥ ስለነዱት የደረቀ ነው ብዙውን ጊዜ። ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ላይ አስገቡትና ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ሂዱ፣ መብራቱ መረጋጋት አለበት። ካልተረጋጋ የፊት ዲፍረንሻሉ ማስገቢያ ወይም ሽቦው ይታይ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል። ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩት፣ የእነዚህ መኪኖች ፎር ባይ ፎር መሀል ላይ ዲፍረንሻል ስለሌለው ሲጠመዘዝ ይታነቃል፣ ኤል 200 ሱፐር ሴሌክት ያለው ብቻ ለየት ይላል። ከገዛችሁ በኋላ በወር አንዴ 16 ኪሎሜትር ያህል አስገብታችሁ ንዱት፣ ቶዮታም ሚመክረው ይሄንን ነው።

ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው፣ ፔዳሉ ግን አልቋል

ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ አይዋሹም። የመኪናው ጎማ ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ በ23ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። ኪሎሜትሩን ትታችሁ ያያችሁትን ድካም ይዛችሁ ዋጋ ተከራከሩ።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም

"በውክልና ነው ምሸጠው" ሚለው በጣም የተለመደ ነው፣ ህጋዊም ነው፣ ግን ውክልናው መሸጥና ስም ማዛወር ይፈቅዳል ወይ፣ አልተሻረም ወይ፣ ወካዩስ በህይወት አለ ወይ? ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር ነው ጉዳያችሁ። ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩም መፈረም አለበት፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል።

ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከኢንቨስተር እጅ የወጣ መኪና ከሆነ ከቀረጥ ነጻ የገባ እንዳይሆን አጣሩ፣ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርላችሁም። የባንክ ብድር እገዳም እንደዚሁ፣ ፋይሉ ያለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ድረስ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ ደላላው "እኔ አይቼዋለሁ" ቢልም። የሻንሲ ቁጥሩን ሃይሉክስ ላይ በፊት ቀኝ ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ ተመቶ ታገኙታላችሁ፣ ጭቃውን በቡርሽ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት፣ አካባቢው ተፍቆ የተቀባ ከሆነ ወይም ቁጥሮቹ መስመር ከሳቱ እዛው አቁሙ። ቀብድ ከሰጣችሁ በጽሁፍ ይሁን፣ እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ ከተገኘ ተመላሽ እንደሚሆን ተጽፎበት፣ ቀሪውን ብር ደግሞ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም ስጡ እንጂ ከዛ በፊት አትስጡ።