ሰንጠረዥ ወደ ጽሑፍ ፋይል ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ኤክሴል ላይ ያለን ሰንጠረዥ ወደ ሲኤስቪ (CSV፣ ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) መቀየር ሁለት ክሊክ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባንኩ የደሞዝ ዝርዝር በሲኤስቪ አምጡ ይላል፣ አዲሱ ሲስተም የደንበኞች ዝርዝር በጽሑፍ ፋይል ካልመጣ አልቀበልም ይላል፣ ፋይሉ ተዘጋጅቶ ይላካል፣ ከዚያ ስልክ ይጮሃል። «ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው፤ የሂሳብ ቁጥሩም አይሰራም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የጽሑፍ ፋይል የሚይዘው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ቀለም የለውም፣ ፎንት የለውም፣ ፎርሙላ የለውም። «ይህ ዓምድ ስልክ ነው፣ ያኛው ቀን ነው» ብሎ የሚናገርበት ቦታም የለውም። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያማረው ሁሉ አብሮ አይወጣም። ከዚህ በታች የማወራው በኤክሴል ነው፣ ግን አክሰስ በሚባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራምም ሆነ በሂሳብ ፕሮግራም የምትሰሩ አብዛኛውን እዚያም ታገኙታላችሁ።

ተራውን «ሲኤስቪ» መምረጥ

ሴቭ አስ ስትሉ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲኤስቪ የሚል ስም ያለው አንድ አይደለም። ብዙ ሰው «ኮማ ዲሊሚትድ» ብቻ የሚለውን ተራውን ይመርጣል። ይሄ ተራው ሲኤስቪ የሚጠቀመው የዊንዶውስን የድሮ የፊደል ሰሌዳ ነው። በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ ሰሌዳ ቢበዛ 256 ምልክት ነው የሚይዘው፤ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ጥቂት የአውሮፓ ምልክቶች፣ በቃ። የኛ ገበታ ደግሞ ዲቃላዎቹን ሳትቆጥሩ 33 በ7 ማለትም 231 ፊደል ነው፤ ከነሱ ጋር ይግባ ቢባል እንኳ ቦታ የለም። ስለዚህ ኤክሴል የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «አበበ በሶ በላ» ብላችሁ የጻፋችሁት ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፦

??? ?? ??

ይሄ የማሳየት ችግር አይደለም። ፋይሉ ውስጥ በእውነት የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ነው። ማንም ባለሙያ መልሶ «አበበ» ሊያደርገው አይችልም። ኤክሴል ደግሞ ፋይሉን እስክትዘጉት ድረስ ስክሪኑ ላይ አማርኛውን እንደነበረ ስለሚያሳያችሁ ምንም አትጠረጥሩም። ዋናውን የኤክሴል ፋይል ለብቻ ካላስቀመጣችሁ ቀልጦ ቀረ።

መፍትሔው ከዚያው ዝርዝር «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ ነው። ዩቲኤፍ-8 የዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድነት የሚይዘው ሰሌዳ፣ አጻጻፍ ነው። ኤክሴላችሁ አሮጌ ሆኖ ይህ ምርጫ ከሌለው «ዩኒኮድ ቴክስት» የሚለውን ምረጡ። ዓምዶቹን በኮማ ሳይሆን በታብ ለይቶ ያወጣላችኋል፣ ፊደሉ ግን አይጠፋም። ከዚያ በኖትፓድ ከፍታችሁ ሴቭ አስ ስትሉ ከታች «ኢንኮዲንግ» የሚለው ጋ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም» የሚባለው ሰበብ ጊዜው አልፎበታል።

አሮጌ ፎንት ያለበትን ሰነድ እንዳለ ማውጣት

ይሄኛው ብዙ ዓመት የቆየ መዝገብ ያላቸው ቢሮዎች ችግር ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አማርኛውን የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በመሳል ነበር። ማለትም ሰነዱ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርዝር ሆኖ ፎንቱ አማርኛ አስመስሎታል። የጽሑፍ ፋይል ፎንት አይዝም ብለናል። ሲወጣ ጭምብሉ ይወልቃል፣ ቅጥ አምባሩ የጠፋ ነገር ይታያችኋል።

እዚህ ጋ ዩቲኤፍ-8 ብትመርጡም ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፣ ለዚህ የሚሆኑ መቀየሪያዎች አሉ። ከቀየራችሁ በኋላ ስሞቹን በዓይን እዩአቸው፤ መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ሊስት ይችላል። ሰነዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ አንድ ስም ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ሰላም ነው።

በደብል ክሊክ ከፍቶ ማረጋገጥ

ለኔ ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ደህና የነበረውን ፋይል ራሳችን የምናበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ወጣ። «እስቲ ልየው» ብላችሁ ደብል ክሊክ አደረጋችሁት። የሚከፍተው ማን ነው? ኤክሴል። ኤክሴል ደግሞ ሲኤስቪ ሲከፍት ያለውን አያሳያችሁም፤ የመሰለውን ተርጉሞ ነው የሚያሳያችሁ።

ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ መጀመሪያው ላይ መለያ ምልክት ከሌለው፣ ከሌላ ፕሮግራም የወጣ ፋይል ብዙ ጊዜ የለውም፣ ኤክሴል በዚያው በድሮው ሰሌዳ ያነበዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው የሚይዘው፤ የድሮው ሰሌዳ ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ምልክት ያነበዋል። ስለዚህ አንዷ «ሀ» ሦስት ምልክት ሆና ትመጣለች፦ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቆብ የመሰለች ነገር፣ ቀጥሎ የዩሮ ምልክት። ይሄን ስታዩ አትደንግጡ። ከጥያቄ ምልክቱ በተለየ እዚህ ፋይሉ ደህና ነው፤ አንባቢው ነው የተሳሳተው። ግን በዚያ ድንጋጤ ሴቭ ካላችሁት ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል፣ ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው።

ለማረጋገጥ ኖትፓድ ተጠቀሙ። ያለውን እንዳለ ያሳያችኋል፣ አይተረጉምም። የግድ ኤክሴል ውስጥ መልሳችሁ መክፈት ካለባችሁ ባዶ ወርክቡክ ክፈቱ፣ «ዳታ» ከሚለው ታብ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሉ፣ «ፋይል ኦሪጅን» ላይ 65001 የሚለውን ምረጡ። እሱ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው።

ፕሮግራመር ከሆናችሁ ተቃራኒውንም እወቁት። ኤክሴል ራሱ ያወጣው ዩቲኤፍ-8 ፋይል መጀመሪያው ላይ ያ የማይታይ መለያ አለው፣ እናም የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ ይለጠፋል። ኮዱ «ስም የሚባል ዓምድ የለም» እያለ ያደርቃችኋል፣ እናንተ ደግሞ ዓምዱን በዓይናችሁ እያያችሁት ነው። ፓይተን ላይ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብላችሁ ስታነቡት ይጠፋል።

ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ማድረግ

ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም። የባንክ ሂሳብም አይደለም። ማንም ሁለት ስልክ ቁጥር አይደምርም። ኤክሴል ግን ይሄን አያውቅም።

በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ስትጽፉ ፊት ያለው ዜሮ ይበላል፣ ዘጠኝ አሃዝ ይቀራል። +251 ብላችሁ ስትጀምሩ ደግሞ መደመሪያው ይጠፋና ቁጥሩ 12 አሃዝ ስለሆነ ኤክሴል አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳየዋል። የ13 አሃዝ የባንክ ሂሳብም እንደዚያው ነው፤ 1234567890123 ብላችሁ ያስገባችሁት 1.23457 ተብሎ ከኋላው «ኢ» የላቲን ፊደልና +12 ይቀጠልበታል። አሁን ልብ በሉ። ኤክሴል ወደ ሲኤስቪ ሲያወጣ የሚጽፈው ሴሉ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነው። ያ ያጠረው ነገር ነው ፋይሉ ውስጥ የሚገባው፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች የሉም። ባንኩ ጋ ሲደርስ የሠራተኛው ሁሉ ሂሳብ ተመሳሳይ ሊመስል ይችላል፣ ምክንያቱም የአንድ ባንክ ሂሳቦች መጀመሪያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

የ16 አሃዙ ጉዳይ ይብሳል። ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ዜሮ ያደርገዋል። የኤቲኤም ካርድ ቁጥር ወይም ባለ 16 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር በተራ ሴል ውስጥ ከጻፋችሁ የመጨረሻዋ አሃዝ ገና ኢንተር ስትሉ ዜሮ ሆናለች፤ ኤክስፖርት እስክታደርጉም አትጠብቅም።

ስለዚህ መረጃውን ከማስገባታችሁ በፊት ዓምዱን መርጣችሁ ፎርማቱን «ቴክስት» አድርጉት። «በፊት» የሚለው ላይ ነው ቁም ነገሩ፤ ከገባ በኋላ ቴክስት ብትሉት የተበላው ዜሮ አይመለስም። ስልኮቹ ቀድሞውኑ ዜሮ አልባ ሆነው ከገቡ ግን አንድ መላ አለ። «ከስተም» ፎርማት ውስጥ ገብታችሁ አሥር ዜሮ ጻፉ። ዜሮው ስክሪን ላይ ይመለሳል፣ የሚታየው ነው የሚወጣው ስላልን ሲኤስቪውም ውስጥ ይገባል። ለ16 አሃዙ ግን መላ የለውም፣ ከዋናው ሰነድ እንደገና መጻፍ ነው።

ቀንን ለኤክሴል መተው

እኛ ቀን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ብዙ ኮምፒውተር ደግሞ በአሜሪካ አቀማመጥ እንዳለ ነው የሚሠራው፣ ወር ይቀድማል። ሰኔ 12 ቀን 2016ን 12/10/2016 ብላችሁ ጻፉ፤ ኤክሴል ዲሴምበር 10 ብሎ ይቀበለዋል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብላችሁ ጻፉ፤ ሜይ 13 ይሆናል፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ስትሉት ደግሞ ሠላሳኛ ወር የለም፣ ቀንና ወሩን ቢያገላብጠውም ፌብሩዋሪ 30 የለውም፣ ስለዚህ ዝም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ የተሳሳተ ቀንና ጽሑፍ ተደባልቋል ማለት ነው። ምልክቱ አለ፦ ወደ ቀኝ የተጠጉት ቀን ተደርገው የተያዙት ናቸው፣ ወደ ግራ የተጠጉት ጽሑፍ የቀሩት። ሲኤስቪው ሲወጣ ሁሉም እንደጻፋችሁት ሊመስል ይችላል፤ ተቀባዩ በቀን ሲደረድረው ወይም የአገልግሎት ዘመን ሲያሰላ ነው የሚፈነዳው።

የኢትዮጵያ ቀን ከሆነ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለዩት፣ ወይም ዓምዱን ቴክስት አድርጋችሁ ጻፉት። የፈረንጅ ከሆነ ዓመት ይቅደም፦ 2024-06-19። እንዲህ ሲጻፍ ወሩና ቀኑ አይምታታም። ርዕሱ ላይ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ፤ የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት በግምት የሚታለፍ አይደለም።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ «ማርች1» የሚባለውን ጂን «ማርችኤፍ1» ያለው ኤክሴል ስሙን እየደጋገመ ወደ ማርች 1 ቀን ስለቀየረው ነው። ለውጡ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ሳይንቲስቶቹ ኤክሴልን ማሸነፍ ሲያቅታቸው የጂኑን ስም ቀየሩት።

ኮማ

ሲኤስቪ ዓምዶችን የሚለየው በኮማ ነው። አድራሻው «ቦሌ, ወረዳ 03» ከሆነ ያ ኮማ ዓምዱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ከሱ በስተቀኝ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይገፋል፣ ደሞዙ ስልክ ውስጥ ይገባል። ኤክሴል ራሱ ሲያወጣ እንዲህ ያለውን በትምህርተ ጥቅስ ስለሚከበው ችግር የለም። ችግሩ ሰው ራሱ በጻፈው ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ወይም ዓምዶችን በፎርሙላ እየቀጠለ ሲያወጣ ነው። የኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ምንም አይከፍልም፤ በአማርኛ ስትጽፉ እሷን ተጠቀሙ።

12,500.00 ብላችሁ በኮማ ያሳመራችሁት ብርም እንደሚታየው ነው የሚወጣው፣ ተቀባዩ ፕሮግራም ደግሞ ጽሑፍ ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ከማውጣታችሁ በፊት የሺህ መለያውን አንሱት። ጀርመን ወይም ፈረንሳይ ካለ ሰው ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነ ደግሞ የዚያ አገር ዊንዶውስ በኮማ ፋንታ ሴሚኮለን ነው የሚጠቀመው፤ ሁሉም ነገር አንድ ዓምድ ውስጥ ታጭቆ ቢመጣ ምክንያቱ እሱ ነው። በታብ የተለየ ፋይል ብትላላኩ ይሻላል።

የተደበቀው አልወጣም ብሎ ማሰብ

ሃይድ ያደረጋችሁት ዓምድ ይወጣል። በፊልተር የጠፋውም ረድፍ ይወጣል። የደሞዝ ዓምዱን ደብቆ «የስልክ ዝርዝር ነው» ብሎ የላከ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ደሞዝ በሙሉ አብሮ ልኳል። የሚታየውን ብቻ ከፈለጋችሁ ሰንጠረዡን ምረጡ፣ አልትና ሴሚኮለን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ወርክቡክ ላይ ለጥፉና እሱን አውጡ።

በተቃራኒው የሚወጣው የተከፈተው ሺት ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አይወጡም። መርጅ የተደረጉ ሴሎች የመጀመሪያው ብቻ ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ነው። ከላይ ያለው የድርጅት ስምና ከታች ያለው ድምር ይጥፉ፤ ሲስተሙ «ድምር» የሚባል ሠራተኛ ይመዘግብላችኋል።

ረድፍ ሳይቆጥሩ መላክ

በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ከሪፖርት ቀርተው ነበር። ከላቦራቶሪ የመጣው ሲኤስቪ ደህና ነበር፤ የተገለበጠበት አሮጌው የኤክሴል ዓይነት ግን 65,536 ረድፍ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። አዲሱ ኤክሴል 1,048,576 ይይዛል፣ የኛ የደሞዝ ዝርዝር እዚያ አይደርስም። ሴል ውስጥ አልትና ኢንተር ተጭኖ የተሰበረ መስመር ግን ደካማ ፕሮግራም ጋ ሲደርስ አንዱን ሠራተኛ ሁለት ረድፍ ያደርገዋል፣ ያኔም ቁጥሩ ይዛባል።

እና ከመላካችሁ በፊት ኖትፓድ ላይ መረጃ ወዳለበት መጨረሻው መስመር (ከሱ በታች ያለውን ባዶ መስመር ሳትቆጥሩ) ሄዳችሁ ከታች የሚጽፈውን የመስመር ቁጥር እዩ፤ የርዕሱን አንድ ቀንሱና ከኤክሴሉ ጋር አስተያዩት። የደሞዙን ድምርና የሰዉን ብዛት በመልእክቱ ላይ ጻፉት፣ ተቀባዩም በራሱ በኩል እንዲደምር። በአንድ ብር ከተለያየ ወደ ዋናው ፋይል ተመለሱና እንደገና አውጡት፤ ሲኤስቪው ላይ በእጅ ለማስተካከል አትሞክሩ።