ለደከማችሁበት ቀን የሚሠራ የጤና ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

የጤና ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው እሁድ ማታ ነው። ጠግበን፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብለን። "ከነገ ጀምሮ ስኳር የለም፣ ጠዋት ሩጫ አለ፣ ማታ እራት የለም" እንላለን። ማክሰኞ ሥራ ይበዛል። ረቡዕ እንቅልፍ ያጥራል። ሐሙስ ሲደርስ ዕቅዱን ውሃ በልቶታል።

እኔም አድርጌዋለሁ። አዲስ የሩጫ ጫማ ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በማግስቱ ደረጃ የወረድኩት መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በጎኔ እየሄድኩ ነበር። ጫማው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በር ሥር ተቀመጠ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይሄን ነገር ደክሞኝ፣ ተናድጄ፣ አምሽቼ ቤት በገባሁበት ቀንም አደርገዋለሁ? መልሱ "አይ" ከሆነ ቀንሱት።

1. ምንም ሳትቀይሩ ሦስት ቀን መዝግቡ

ሁለት የሥራ ቀንና አንድ የእረፍት ቀን ይበቃል። የበላችሁትን፣ የጠጣችሁትን፣ ሰዓቱን፣ ምን ያህል እንደተቀመጣችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ግራም መለካት አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በምሳና በእራት አይደለም፤ በመሀል በገባው ነው። ሦስተኛው ሻይ፣ ስልክ እያወሩ ያለቀው ብስኩት፣ "እንዳይጣል" ተብሎ የተበላው የልጅ ትራፊ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ከእሱ ጀምሩ።

2. ሳህኑን በዓይን ክፈሉት

ካሎሪ መቁጠር ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል። ለደከመ ሰው ግን አይሠራም። ቀላሉ ዘዴ ሳህን ነው፦ ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ ያልተፈተገ እህል፣ ሩቡ ደግሞ ፕሮቲን፣ ማለትም ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ አሳ ወይም ዶሮ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ይህ አምስት ጊዜ 80 ግራም ነው። 80 ግራም ማለት በግምት አንድ መካከለኛ ፍሬ፣ ወይም ሞላ ያለ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የበሰለ አትክልት ነው። ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ቦታው ከእህሉ ጋር ነው።

ጥራጥሬን ለብቻው ላመስግነው። ፕሮቲን አለው፣ ፋይበር አለው፣ ቶሎ አያስርብም፣ ደረቁ ደግሞ ወራት ይቆያል። በውስጡ ያለው ብረት በደንብ ወደ ሰውነት እንዲገባ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲ ያግዛል። ሻይና ቡና ደግሞ በተቃራኒው ይይዙታል፤ ስለዚህ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቋቸው።

ሆድ "ጠግቤያለሁ" የሚለው መልእክት አእምሮ ጋር እስኪደርስ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛ ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ አውሩ፣ ትንሽ ቆዩ።

ዋናው ግን ዝግጅት ነው። ረሃብ ከመጣ በኋላ ካሮት የሚልጥ ሰው የለም። ጉልበት ባላችሁበት ቀን ምስር ቀቅሉ፣ እንቁላል ቀቅሉ፣ አትክልት አጥባችሁ ቁረጡና ፍሪጅ አስገቡ። የደከማችሁ ቀን እራታችሁ ከዚያ ይወጣል።

3. የሚጠጣውን ስኳር በማንኪያ እዩት

አንድ ጊዜ ብቻ ይሄን ሞክሩ። የለስላሳ ጣሳ አንሡና የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮላ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ለ4 አካፍሉት፤ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስለሚይዝ። አሁን ባዶ ብርጭቆ አምጡና ወደ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበት። ከፍ አድርጋችሁ በጎኑ እዩት። ይህን በደረቁ ብላ ብትባሉ ትስቃላችሁ። በቅዝቃዜና በጋዝ ሲመጣ ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ሆድም እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የስኳር ጣሪያው 50 ግራም ነው፤ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። ማርና ጁስ ውስጥ ያለው ስኳርም ይቆጠራል። ፍሬው ራሱ ሲበላ ግን አይቆጠርም።

ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ዜሮ አይግባ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ። ምላስ ይለምዳል፣ እንዲያውም ከወር በኋላ የድሮው ሻይ ሽሮፕ ይመስላል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውን ጨምሮ።

4. እንቅስቃሴውን ካለ ነገር ላይ እሰሩት

ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። 30 ደቂቃ በአምስት ቀን፤ ሠላሳው ደግሞ ወደ ሦስት አሥር አሥር ደቂቃ ሊቆራረጥ ይችላል። መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም፦ እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ናችሁ።

"10,000 እርምጃ ካልሞላሁ" ብላችሁ አትጨነቁ። ቁጥሩ በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። ለንግድ የወጣ ስም ነበር እንጂ የሐኪም ማዘዣ አልነበረም። ጥቅሙ የሚጀምረው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ሌላ ታሪክ ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽሮ አሳተመ። ሹፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ትኬት ቆራጮቹ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጮቹ ለጤናዬ ብለው አልነበረም የሚወጡት፤ ሥራው ነው ያንቀሳቀሳቸው። እናንተም እንደዚያ አድርጉት። ስልክ ሲደወል ተነሡ። አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ሊፍቱን ለዕቃ ተዉት። ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ ደግሞ ጡንቻ ስኳሩን ከደም እንዲወስድ ያግዛል።

የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

5. በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ

መራመድ ብቻውን አይበቃም። ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ጡንቻ ካልተሠራበት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጂም ግን ግድ አይደለም፤ ወንበር አለ።

ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። ጀርባችሁን ሰጥታችሁት ቁሙና እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ። ተረከዛችሁን ሳታነሱ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ፣ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ውረዱ። ወንበሩን ልክ ስትነኩ ሳትቀመጡ ተነሡ። ጉልበት ወደ ውስጥ አይግባ፤ የእግር ጣት ወዳለበት አቅጣጫ ይሂድ። አሥር ጊዜ፣ እረፍት፣ እንደገና አሥር። ለላይኛው አካል ግድግዳ ላይ የሚሠራ ፑሽአፕ ጨምሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዷችሁ ቁጥሩን ጨምሩ።

ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጡንቻ መቆርጠሙ የተለመደ ነው። የመገጣጠሚያ ውጋት ከመጣ ግን ተዉት። ደረት ላይ ሕመም ከተሰማችሁ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ።

6. የክፉ ቀን ዝርዝር ጻፉ

ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት መስመር ይበቃል። አሥር ደቂቃ መራመድ። አንድ አትክልት። በለስላሳ ፈንታ ውሃ። ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ የሚያስተኛ ሰዓት ላይ አልጋ። እንቅልፍ ያጠረው ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ እጁም ወደ ጣፋጩ ይሄዳል። ይህ ዝርዝር የተሟላ ሕይወት አይደለም። ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የሚይዝ ክር ነው።

እሱም ቢያመልጣችሁ ቀኑ አለፈ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት አዲስ ልማድ እስኪለመድ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አሳይቷል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው ከ200 በላይ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን አላበላሸውም። የሚያበላሸው "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነው።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጡ። ውሃና ጨው ብቻቸውን ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ኪሎ ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ሳትበሉ በቂ ነው። ወር ሲሞላ የመጀመሪያውን የሦስት ቀን ምዝገባ ድገሙት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና ቀጥሎ የሚቀየረውን አንድ ነገር ከዚያ ላይ ምረጡ።