ትሬድ ሲጨመር ፕሮግራሙ ለምን ይዘገያል? የኮምፒውተር አርክቴክቸር ላብ ችግርና መፍትሄ

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነው፣ ብራውዘሩ ተዘግቷል፣ ኮዱም ትክክለኛ መልስ ይሰጣል ብዬ ነው የምጀምረው። ትሬድ ስል ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሮጥ የፕሮግራሙ ክፍል ማለቴ ነው።

ምልክት፦ የተለካው ሰዓት ዜሮ ሆነ።
ውጤቱን የሚጠቀምበት ስለሌለ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ሉፑን አውጥቶ ጥሎታል። ውጤቱን መጨረሻ ላይ ፕሪንት አድርጉት።

ምልክት፦ 1024 በ1024 የኢንት ማትሪክስ በአምድ ሲነበብ ያለቅጥ ዘገየ።
ከረድፍ ወደ ረድፍ 4096 ባይት ትዘላላችሁ። 32 ኪሎባይት በሆነ ባለ 8 ዌይ ኤል1 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ላይ የአንድ አምድ ቁጥሮች ሁሉም አንድ ሴት (set፣ የካሽ ምድብ) ላይ ይወድቃሉ። በአንዱ ምድብ ያለው ቦታ ደግሞ ለ8 ላይን (ካሽ በአንዴ የሚያመጣው የዳታ ቁራጭ) ብቻ ነው፤ «8 ዌይ» ማለትም ይሄ ነው። ረድፉን በ16 ኢንት አስረዝሙት፤ ያኔ በየምድቡ ይበተናሉ።

ምልክት፦ በአንድ ትሬድ ይሮጣል፣ በአራት ያነክሳል።
እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ። ሴሚስተር በመጣ ቁጥር የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ኮዱ ሁሌም ያው ነው። አራት ቆጣሪ ያለው አሬይ አለ። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቆጣሪ ብቻ ይጨምራል፤ ማንም የማንንም አይነካም። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። ፕሮሰሰሩ ግን ዳታ የሚያመላልሰው በካሽ ላይን ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች አንድ ላይን 64 ባይት ነው። ባለ 8 ባይት ቆጣሪ አራት ቢሆን 32 ባይት ነውና አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይን ላይ ታጭቀዋል። አንዱ ኮር (ትሬድ የሚያስኬድ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ሲጽፍ፣ በሜሲ ፕሮቶኮል (የኮሮቹን ካሽ በሚያስማማው ደንብ) ሌሎቹ ጋ ያለው ቅጂ ኢንቫሊድ (የማያገለግል) ይሆናል። ቀጣዩ ሊጽፍ ሲል ላይኑን መንጠቅ አለበት። አራት ተማሪ በአንድ እስክሪብቶ ሲፈተን አስቡት። ፎልስ ሼሪንግ ማለት ይሄ ነው።

አንዱ ተማሪ ሎክ (በአንዴ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሳልፍ ቁልፍ) ጨምሮበት መጣ። ጭራሽ ባሰበት! ሎኮቹንም እዚያው አሬይ ውስጥ ደርድሯቸዋል። ሌላዋ «ማሽኑ አርጅቷል» ብላ ብዙ ኮር ያለው ላፕቶፕ ተዋሰች፤ ትሬዱን ስታበዛው ይብስ ዘገየ። ሌላው በኦ2 (ኮዱን በሚያፈጥን የኮምፓይለር አማራጭ) ኮምፓይል ሲያደርገው ችግሩ ጠፋለትና «ተስተካክሏል» ብሎ ሪፖርት አስገባ። ምኑ ተስተካከለ? ኮምፓይለሩ ቆጣሪውን ሬጅስተር (ኮሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ይዞት ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንዴ ስለጻፈው ነው። ቆጣሪውን አቶሚክ (ሲጨመር መሃል ላይ ሌላ ትሬድ የማይገባበት) ሲያደርገው በሽታው ተመለሰ።

መፍትሄ፦ ትሬዱ በሎካል ቫሪያብል ይቁጠር፣ ሲጨርስ ድምሩን አንዴ ይጻፍ። ይህ ካልሆነ እያንዳንዱን ቆጣሪ በአላይንአስ 64 (alignas(64)፣ ቆጣሪው በ64 ባይት ድንበር ላይ እንዲጀምር በሚያደርግ ትእዛዝ) በየላይኑ ለዩት። ኤም1 ማክ ላይ ላይኑ 128 ባይት ስለሆነ 64 ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሊኑክስ ላይ በፐርፍ ሲ2ሲ (perf c2c፣ ኮሮች ላይን ሲነጣጠቁ በሚያሳይ መሣሪያ) አረጋግጡ፤ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ፐርፍ የሚያነባቸው የፕሮሰሰሩ ካውንተሮች አይገኙም። ደግሞ እባካችሁ፣ አንዴ ብቻ ሮጦ በተገኘ ሰዓት ግራፍ አትሥሩ።

ምልክት፦ እስከ ሁለት ትሬድ እጥፍ ፈጠነ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።
ኮሩ ሁለት ነው። አራት አስመስሎ የሚያሳያችሁ ሃይፐርትሬዲንጉ (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያቀርበው ዘዴ) ነው።