ጀልባው ላይ የቀረው የድሮ ስም

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቀድሞውን ባለቤት ጽሑፍ ማጥፋት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ቲነርና ጨርቅ፣ በቃ። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። መዳፍ የምታክል የደበዘዘች ጠባሳ ጀልባው ጎን ላይ ትቼ ነው የተማርኩት።

የሚያብረቀርቀው የጀልባ ቆዳ ጄልኮት ይባላል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ በሙጫ የተያዘ የመስታወት ክር አለ። ብትፍቁም ብታሹም የምትበሉት ከዚያችው ግማሽ ሚሊሜትር ነው።

ፊደሉ አልነቃነቅ ሲል

መጀመሪያ ቀለም ነው ወይስ እስቲከር? ጠርዙን በጥፍር ፈትሹት። እስቲከር ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ቀለም ከሆነ ደግሞ የማይታይ ጥግ ፈልጉና ጄልኮቱን ራሱን አሴቶን በነካ ጥጥ ጠረግ አድርጉት። ጥጡ የጀልባውን ቀለም ይዞ ከመጣ ጀልባው ራሱ ከላይ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ፈሳሹን ተዉት፤ ፊደሉ ሲነሳ የጀልባው ቀለምም አብሮ ይነሳል።

ጥጡ ንጹህ ከሆነ ግን ፊደሉ ላይ መጀመሪያ አልኮል፣ ቀጥሎ አሴቶን ሞክሩ። አሴቶን ነክሮ ማስቀመጥ የለም፤ ጠረግ አድርጎ ማንሳት ነው። ተራ ሲንተቲክ (የዘይት) ቀለም ሆኖ እምቢ ካለ የኦቨን ማጽጃ ስፕሬይ ይረዳል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ኮስቲክ ሶዳ አለ። ሶዳው ዘይትን ሳሙና እንደሚያደርገው ሁሉ የዘይት ቀለምንም ያላላዋል። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አታቆዩት፣ በብዙ ውሃ እጠቡት። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። አልሙኒየም አታስነኩት። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የደረቀ የመኪና ቀለም ከሆነ ግን ለዚህም አይበገርም፤ እሱን የሚያነሳው የብርጭቆ ወረቀት ነው።

የብረት ቀለም ማስለቀቂያ ግን በፍጹም፤ ለፋይበርግላስ ይሆናል ብሎ ካልተጻፈበት በቀር። ቀለሙን ከጄልኮቱ አይለይም።

ቀለሙ ተዝረክርኮ ጀልባውን ሲያቆሽሸው

ጥፋቱ የጨርቁ ነው። አንዱን ጨርቅ እያገላበጣችሁ ስታሹ የሟሟው ቀለም ፀሐይ ያሻከረው ጄልኮት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከፊደሉ ጠርዝ ወደ መሀል ጥረጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የገባውን ኮምፓውንድ፣ ማለትም እያሸ የሚያጠራው ቅባት፣ ያወጣዋል።

ቀለሙ ጠፍቶ ስሙ አሁንም ሲነበብ

ሰው የሚያብደው እዚህ ላይ ነው። ቀለም የለም፣ ፊደሉ ግን አለ። ሰዓት ሲያወልቁ የእጅ አንጓ ላይ የሚቀረውን ምልክት አስቡት። ፊደሉ ለዓመታት ጥላ ሆኖ ሥሩን ከፀሐይ ጠብቆታል፤ ዙሪያው ደግሞ ነጥቷል፣ ዱቄት ሆኗል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የፀሐዩ ጨረር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይጠነክራል።

ስለዚህ የታመመው ፊደሉ የነበረበት ቦታ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ፊደሉን ደጋግሞ ማሸት ጤነኛውን ማቁሰል ነው። ዙሪያውን በመዳፍ እሹት፤ እንደ ጠመኔ ካነጣችሁ አገኛችሁት። ሰፋ አድርጋችሁ፣ የሚቻል ከሆነ ጎኑን በሙሉ፣ በኮምፓውንድ እሹ። ካልበቃ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ። ወረቀቱን በጣት ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ጣት ጉድጓድ ይቆፍራል። በፊት በእርሳስ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ እንደጠፋ አቁሙና እዩ። ፍሌክሲብል (የኤሌክትሪክ መፍጫውን) ለዚህ ሥራ የሚያነሳ ሰው ካለ ከእጁ ንጠቁት።

በጎን ስታዩት ብቻ የሚታይ ፊደል ከሆነ የቀለም ሳይሆን የከፍታ ልዩነት ነው። ዙሪያው ተበልቶ ፊደሉ ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ ፍቆ ማስተካከል ነው።

ነጭ ጀልባ ላይ ይህ ሁሉ ጥሩ ይሠራል። ሰማያዊና ቀይ ላይ ግን ጥላው ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። ያኔ እኔ ብሆን አልታገልም፤ አዲሱን ስም ሰፋ አድርጌ እዚያው ላይ እጽፈዋለሁ።

የክሩ ሽመና ብቅ ሲል

ጄልኮቱ አልቋል፤ እጃችሁን አንሱ። ውሃ እንዳይገባበት በጄልኮት መሸፈን አለበት። ተራ ጄልኮት አየር ሲነካው ፊቱ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል፤ እስኪደርቅ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ቀለሙን ማመሳሰል ከባድ ስለሆነ ይህን ለባለሙያ መስጠት አያሳፍርም።

አዲሱ ጽሑፍ ሲላጥ

ሰም ወይም ፖሊሽ ቀርቶበት ነው። ከመጻፋችሁ በፊት በአሴቶን ቶሎ ጠረግ አድርጉት፤ ሰሙን ከጽሑፉ በኋላ ቀቡ።

ይህን ሁሉ ጀልባውን ከውሃ አውጥታችሁ፣ ከሥሩ ሸራ አንጥፋችሁ፣ ጥላ ውስጥ ሥሩት። ፀሐይ ላይ አሴቶኑ ሥራውን ሳይጀምር ይተናል። የአፍ መሸፈኛም አድርጉ። እጣቢውንም ወደ ሐይቁ አትድፉት፤ የምንበላው ዓሣ የሚመጣው ከዚያው ነው።