ፈረሳችሁ ትንሽ ትንሽ ሲያነክስ የሚሠሩ ስህተቶች

ፈረስ ለይቶለት ሲያነክስማ ማንም ያየዋል። አስቸጋሪው ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጠፋው ነው፣ በእርምጃ ምንም የለውም፣ ሶምሶማ ሲጀምር ግን የሆነ ነገር ልክ አይመጣም።

በጣም የተለመደው ስህተት ያመመው የትኛው እግር እንደሆነ መሳት ነው። የፊት እግሩን ካመመው፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ግን ዝቅ ያለበትን ነው ያመመው ብሎ ደህናውን እግር ሲያሽ ይሰነብታል። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላው ቆማችሁ ዳሌውን እዩ፣ ባመመው በኩል ያለው ከፍ ዝቅ ማለት ይበዛል። ስታዩ ታዲያ ጠንካራና ሜዳ መሬት ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ በሶምሶማ ይሁን፣ ገመዱም ላላ ይበል፣ አጥብቃችሁ ከያዛችሁት ጭንቅላቱ አይንቀሳቀስም እናንተም ምንም አታዩም። በስልክ ቀርፆ ቪዲዮውን ስሎው አድርጎ ማየት በጣም ይረዳል።

ሁለተኛው "ትከሻው ነው" ማለት ነው። የትከሻ ችግር አለ ግን ብዙ አይደለም፣ የፊት እግር ማነከስ አብዛኛው የሚነሳው ከሰኮና ነው። ሰኮና መጥረግ አሰልቺ ስለሆነ መሰለኝ ሰው ወደ ላይ የሚሸሸው። በደንብ ጥረጉትና ጠጠር፣ ምስማር፣ ጥቁር ቀዳዳ፣ መጥፎ ሽታ ካለ እዩ። ሙቀቱን ከሌላኛው እግር ጋር አነፃፅሩ። ከዛ ከሰኮናው በላይ ካለው አንጓ ኋላ፣ ግራና ቀኙን በጣት ጫን ብላችሁ የደም ሥሩን ፈልጉ፣ ደህና ፈረስ ላይ ትርታው እምብዛም አይሰማም፣ ድው ድው ካለ ሰኮናው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። መግል ከቋጠረ ዛሬ ትንሽ ያነከሰው ነገ እግሩን መሬት ማስነካት ሊያቅተው ይችላል። ብረት ጫማ የተመታለት በቅርቡ ከሆነም እሱን ጠርጥሩ፣ ምስማሩ ወደ ሥጋው ከተጠጋ ህመሙ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሰኮናው ላይ የተሰካ ምስማር ካገኛችሁ ደግሞ ሐኪሙ ቶሎ የሚደርስ ከሆነ አትንቀሉት፣ የት ድረስ እንደገባ በራጅ የሚታየው እዛው እያለ ነው፣ እስከዛ ረግጦት እንዳይገባ ዙሪያውን በወፍራም ነገር ጠቅልሉት።

ማስታገሻ ሰጥቶ ሐኪም መጥራት ሌላው ነው። ፌኒልቡታዞን ወስዶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፈረስ ላይ ሐኪሙ ምን ያገኛል? ፈረሱም ህመሙ ስለጠፋ የተጎዳውን እግር አብዝቶ ይጠቀምበታል።

እረፍት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት አርፎ ማንከስ ስላቆመ ብቻ ወደ ግልቢያ መመለስ አደጋ አለው። ከጉልበት በታች ከኋላ ያለው ጅማት ሞቅ ወይም አበጥ ካለ፣ መዳኑ ወራት ነው የሚፈጅ፣ አንዳንዴ ዓመት።

ጭንቅላቱን ስላልነቀነቀ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። ሁለቱም የፊት እግሮች እኩል ካመሙት አያነክስም፣ እርምጃው ያጥራል፣ መዞር ይፈራል፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ይሄ ላሚናይቲስ (ሰኮና ውስጥ ያለው ሥጋ ሲቆጣ የሚመጣ ከባድ ህመም) ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም፣ በዛው ቀን ሐኪም ይየው።

ሐኪሙ ሲመጣ ደግሞ አታጣድፉት። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በየቦታው እያደነዘዘ ማንከሱ የት ላይ ሲጠፋ ነው ብሎ ነው የሚፈልገው፣ ጊዜ ይወስዳል። ሰው ሲቀመጥበት ብቻ የሚያነክስ ከሆነ ይሄንንም ንገሩት፣ ያኔ ጀርባው፣ ኮርቻውና ልጓም የሚገባበት አፉም ይታያል።