የ1969 ካማሮ ዚ 28 እውነተኛ መሆኑን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ሼቭሮሌ በ1969 ሞዴል 20,302 ካማሮ ዚ 28 (ልዩ ሞተር የተገጠመለት የካማሮ ዓይነት) መኪኖችን ሠርቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ኮፈኑ ላይ ሁለት ወፍራም መስመር የተቀባና ፓራፋንጎው ላይ የዚ 28 ምልክት የተለጠፈ ካማሮ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ ምልክቱ በትእዛዝ ይመጣል፣ መስመሩንም ጎበዝ ቀለም ቀቢ ይሠራዋል። በዋናውና ተመሳስሎ በተሠራው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በመኪናው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መመርመር የግድ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደተታለልኩ ወደ ሞተሩ ስንደርስ እገልጻለሁ።

ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ቅባት የሚያለቅቅ ፈሳሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። በስልክ ላይ የሚሰኩትን ቀጫጭን ካሜራዎች ሞክሬአቸዋለሁ፤ ምስላቸው በጠባብ ቦታ ስለሚደበዝዝ መስታወቱን እመርጣለሁ። የሻንሲ ቁጥር አስገብተው ዝርዝር የሚሰጡ ድረ ገጾች ግን ለዚህ ሥራ አይጠቅሙም። የተሠሩት ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ላለው ባለ 17 አኃዝና ፊደል ቁጥር ሲሆን፣ የ1969 ካማሮ ቁጥር ያለው 13 አኃዝና ፊደል ብቻ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ

ቁጥሩ በሹፌሩ በኩል ክሩስኮቱ ጫፍ ላይ ስላለ ከውጭ በፊት መስታወት በኩል ይነበባል። አጀማመሩ 124379 መሆን አለበት፦ 1 ሼቭሮሌን፣ 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮን፣ 37 ጣሪያው የማይከፈተውን ቅርጽ፣ 9 ደግሞ 1969ን ያመለክታሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ኤን ከሆነ መኪናው የተገጣጠመው በኦሃዮ ኖርዉድ፣ ኤል ከሆነ በካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ነው። አጀማመሩ 123 ከሆነ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በስድስት ሲሊንደር ነው፣ 12467 ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ተከፋች ነው፤ ሁለቱም የ1969 ዚ 28 ሊሆኑ አይችሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላስረዳ። ይህ ቁጥር መኪናው ዚ 28 ሊሆን እንደሚችል ይናገራል እንጂ ዚ 28 መሆኑን አይናገርም። በሀገር ቤት ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈው ማየት የለመደ ሰው፣ ታይትል የሚባለው የአሜሪካ የባለቤትነት ወረቀትም ሞተሩን ይመሰክርልኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ታይትሉ ግን ሞተሩ ኦሪጅናል ስለመሆኑ ምንም አይልም።

የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ የያዙት ሁለት ሪቬቶች ስድስት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ መምሰል አለባቸው። ክብ፣ የተቧጨሩ ወይም በዙሪያቸው ሙጫ ያለባቸው ከሆነ ሰሌዳው ተነስቶ እንደነበር ይጠርጥሩ። የሻንሲ ቁጥርን መለወጥም ሆነ ማንሳት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ እንዲህ ዓይነት መኪና በዋጋ ቅናሽ የሚገዛ አይደለም፤ ፖሊስ ሊወስደው ይችላል። የቁጥሩ ከፊል ደግሞ በሁለት የተደበቁ ቦታዎች ላሜራው ላይ ተመትቷል፦ አንዱ በኮፈኑና በፊት መስታወቱ መካከል ካለው የአየር ማስገቢያ ክዳን ስር፣ ሌላው ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ከማሞቂያው ሳጥን ጀርባ። የመጀመሪያውን ለማየት ጥቂት ብሎኖች መፍታት ይበቃል። ፈቃድ ጠይቀው ይፍቱ።

የቦዲውን ሰሌዳ ማንበብ

በዚያው ግድግዳ ላይ፣ በሞተሩ በኩል፣ የቦዲ ሠሪው የፊሸር ትንሽ ሰሌዳ አለ። 01ሲ የሚል ጽሑፍ ካለበት ቦዲው የተሠራው በጃንዋሪ ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ ፊደሉ ሳምንቱን ይቆጥራል። የቦዲው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ባይመሳሰል አይደንግጡ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከ1968 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ኖርዉድ በሰሌዳው ላይ የኤክስ ኮድ ይመታ ነበር፤ ኤክስ 33 እና ኤክስ 77 ዚ 28ን ያመለክታሉ። ቫን ናይስ ይህን ኮድ ስላልተጠቀመ፣ ከዚያ የወጣ መኪና ኮዱ ስለሌለው ብቻ አይጣልም። ሆኖም ሰሌዳው ተመሳስሎ ስለሚሸጥ፣ ኤክስ 33ን አይቶ ልብን ማሳረፍ አይገባም። የቀለም ኮዱን በድብቅ ቦታ ካለው ቀለም ጋር ያመሳክሩ፦ ለምሳሌ 57 ጥቁር አረንጓዴ፣ 72 ደማቅ ብርቱካናማ ነው። የሞተሩ ክፍል በፋብሪካ ጥቁር ስለሚቀባ ፍለጋው ከክሩስኮቱ ስርና ከበሮቹ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ይሁን።

ሞተሩ

የዚ 28 ልብ 302 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነው። የተወለደው ለትራንስ አም ውድድር ነው፤ ደንቡ ከ305 በላይ ስለማይፈቅድ ሼቭሮሌ ለዚህ መኪና ብሎ ሠራው፣ ለሌላ የጎዳና መኪናም አልሰጠውም። ስለዚህ የጠፋ ኦሪጅናል ሞተርን በሌላ መተካት ከባድ ነው፤ ቀላሉ መንገድ የሌላ ሼቭሮሌ ብሎክ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ላይ ቁጥር መምታት ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለች፣ ሁለት ጣት በማትሞላ ለስላሳ ገጽ ላይ ነው። አልተርኔተሩ ስለሚጋርዳት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ገጿን በፈሳሽና በጥርስ ብሩሽ ብቻ ያጽዱ፤ የሽቦ ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት የሚፈልጉትን ማስረጃ ራሱን ያጠፋሉ። ቪ 0108 ዲዚ የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ፣ ቪ የፍሊንት ሞተር ፋብሪካ፣ 0108 ጃንዋሪ 8፣ ዲዚ ደግሞ የ1969 ዚ 28 ሞተር ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከፊል የሻንሲ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 19ኤን ብሎ የሚጀምርና ስድስት አኃዝ የሚከተለው፣ በዚችው ገጽ ላይ ይገኛል፤ በአንዳንድ የ1969 ሞተሮች ግን ከዘይት ፊልትሮው በላይ ባለው ሻካራ ብረት ላይ ተመትቷልና እዚያም ይፈልጉ።

ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ ፊደሎቹን ይተዉና ብረቱን ይመልከቱ። ፋብሪካው ይህን ገጽ የላገው ጥርሶቹ በአንድ አቅጣጫ በሚጎትት መሣሪያ ስለነበር፣ ከሞተሩ ፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን ትይዩ ጭረቶች ቀርተዋል። የእጅ ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን አጋድመው ሲያበሩ እንደ ተበጠረ ፀጉር ይታያሉ። ብሎኩ በኋላ በጋራዥ ተልጎ ከሆነ ጭረቶቹ ክብ ክብ ይሠራሉ፤ በወረቀት የተፈተገ ከሆነ ደግሞ ገጹ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ሌላው ምልክት የአመታቱ ልዩነት ነው። የሞተሩ ኮድ ፍሊንት ላይ፣ የሻንሲው ቁጥር ደግሞ መኪናው በተገጣጠመበት ፋብሪካ በሌላ ሰው እጅ ስለተመታ፣ መጠናቸውና ጥልቀታቸው የተለያየ መሆን አለበት። ሁለቱ ፍጹም ከተመሳሰሉ አንድ ሰው በአንድ ቀን መትቷቸዋል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

እኔ የገዛሁት ካማሮ ይህን ሁሉ ያለፈ መስሎኝ ነበር። የቦዲው ሰሌዳ 01ሲ፣ ኤክስ 33 ይላል፤ ሞተሩ ቪ 0108 ዲዚ፤ ከፊል ቁጥሩም ከክሩስኮቱ ጋር አንድ ነው። ባትሪዬን ከላይ አበራሁ፣ ፊደሎቹን አነበብኩ፣ ከፈልኩ። ከአራት ወር በኋላ ካምቢዮውን ላወርድ ከመኪናው ስር ገብቼ ሳለ ብሎኩ ከኋላ፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ካምቢዮው በሚገጥምበት ከንፈር ላይ የተነሳ ጽሑፍ አየሁ። ቅባቱን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ሲ 19 9 ይላል። ይህ ብሎኩ ሲፈስ በቅርጽ ማውጫው የወጣ ቀን ነው፦ ሲ ማርች፣ 19 ቀኑ፣ 9 ዓመቱ። በጃንዋሪ 8 ተገጣጠመ የተባለው ሞተር ብረቱ የቀለጠው በማርች 19 ነበር። እዚያው ሥር ተኝቼ ብዙ ቆየሁ። የዋጋው ልዩነት 18 ሺህ ዶላር ነበር፤ ሻጩም ስልኩን አላነሳም።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ። ከሞተሩ ጀርባና ከግድግዳው መካከል መስታወቱን ያስገቡ፣ በተሳፋሪው በኩል ያለውን ቀን ያንብቡ፣ ከዚያም በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይጻፉት፦ ብሎኩ የፈሰሰበት ቀን፣ ሞተሩ የተገጣጠመበት ቀን፣ የቦዲው ሳምንት። መጀመሪያ ብረቱ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጠማል፣ ከዚያ መኪናው ይሠራል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እንደ ደንቡ ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ነው። ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር በመዶሻ መለወጥ ይቻላል፤ ከብሎኩ ጋር አብሮ የፈሰሰውን ቀን ያለ ምልክት መለወጥ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በሹፌሩ በኩል የሚገኘው የብሎክ ቁጥር፣ ለምሳሌ 3956618፣ ትክክል መሆኑ ብቻውን አያረካም፤ በዚሁ ቁጥር የ350 ሞተርም ተሠርቷልና። ሲኢ የሚል ምልክት ያለበት ብሎክ ካገኙ ደግሞ በዋስትና የተተካ ሞተር ነው፤ ኦሪጅናል ባይሆንም ውሸት የለበትም፣ እኔ በግሌ ከተመታ ሐሰተኛ ብሎክ አስበልጬ እገዛዋለሁ።

የቀረው አካል

የ1969 ዚ 28 ከባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ውጪ አልተሸጠም። መንሲ ተብሎ የሚጠራው ካምቢዮ ላይ ፒ9ኤ10ቢ የመሰለ ቀን ይነበባል፦ ፒ ካምቢዮውን፣ 9 ዓመቱን፣ ኤ ጃንዋሪን፣ 10 ቀኑን ያመለክታል። ከፊል የሻንሲ ቁጥርም አለው። የኋላው ዲፈረንሻል ክዳን 12 ብሎን ሊኖረው ይገባል፤ 10 ከሆነ ተቀይሯል ወይም መኪናው ዚ 28 አይደለም። የኋላ ባሌስትራው ባለ ብዙ ቅጠል፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ መሆን አለበት። አየር ማቀዝቀዣ በፋብሪካ ስላልተገጠመለት፣ በግድግዳው ላይ የፋብሪካ ቀዳዳው ካለ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ወረቀቱ

ፎርድና ፖንቲያክ ለየመኪናው የፋብሪካ መዝገብ ስላላቸው ሪፖርት ገዝቶ ማረጋገጥ ይቻላል። በአሜሪካ ለተሸጠ ካማሮ ይህ ዕድል የለም፤ መኪናው መጀመሪያ የተሸጠው በካናዳ ከሆነ ግን የጄኔራል ሞተርስ ካናዳ መዝገብ አለና ይጠይቁ። ከዚህ ውጪ የሚታመነው ከዋስትና ደብተሩ ጋር የሚሰጠው ፊደል የተነሳበት የብረት ሰሌዳና አንዳንድ ጊዜ ከነዳጅ ታንኩ ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ወረቀት ነው። ሁለቱም ተመሳስለው ይሠራሉ፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ኮዶች በብረቱ ላይ ካነበቧቸው ጋር ያመሳክሩ እንጂ ወረቀቱን ብቻውን አይመኑ።

ዋጋ ላይ ከተስማሙ በኋላ በሽያጩ ውል ላይ የሞተሩን ኮድ፣ ብሎኩ የፈሰሰበትን ቀንና የካምቢዮውን ቁጥር አስጽፈው፣ «ሞተሩ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ሻጩ በዚህ ላይ ለመፈረም ካመነታ፣ ድርድሩን በተራ ካማሮ ዋጋ እንደገና ይጀምሩ።