በአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ጫፍ የሚያልፍ መንገድና ሐዲድ

መንገዱ ወይም ሐዲዱ ለአውሮፕላን እንቅፋት መሆን አለመሆኑን ስታሰሉ አስፋልቱን ብቻ አትለኩ፤ በላዩ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ቁመት ጨምሩበት። የአሜሪካ ደንብ ለሕዝብ መንገድ 4.6 ሜትር፣ ለባቡር ሐዲድ 7 ሜትር ያስደምራል። በመሣሪያ እየተመሩ በሚያርፉበት ትልቅ ማኮብኮቢያ፣ ከእንቅፋት ነፃ መሆን ያለበት የአየር ክልል ወለል ከጫፉ 60 ሜትር ርቆ ይጀምርና በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ መሬቱ ከጫፉ ጋር እኩል ከሆነ፣ መንገዱ ቢያንስ 290፣ ሐዲዱ 410 ሜትር መራቅ አለበት።

ካልተቻለ መንገዱን ዝቅ አድርጉ ወይም በዋሻ አሳልፉ። የማረፊያውን መነሻ ወደ ውስጥ መግፋትም ይቻላል፤ ለማረፍ የሚቀረው ርዝመት ግን ያጥራል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወረፋው ነው። የትራፊክ መብራት ወይም የባቡር ሲግናል ከማኮብኮቢያው ጫፍ ፊት ለፊት ከተተከለ፣ ረጅም የጭነት መኪና ወይም ባቡር አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በሚመጣበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከሚነሳ አውሮፕላን ኋላ የሚቆሙትንም የሞተር ንፋስ ይመታቸዋል። ማቆሚያውን ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ውጭ አድርጉት።